ለ12 ዓመቷ ልጄ ቲክቶክ ልፍቀድላት?

ጥያቄው ከአዲስ አበባ ነው፦ «ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ዱባይ ያለችው አክስቷ ስልክ ላከችላት። የክፍል ጓደኞቿ በሙሉ ቲክቶክ አላቸው። መምህሯ ደግሞ የቤት ሥራ የሚልኩት በቴሌግራም ግሩፕ ነው። አባቷ 18 ዓመት ሳይሞላት ምንም አትከፍትም ብሏል። እኔ ግን ከጓደኞቿ ተነጥላ ማየቱ ከበደኝ። ልፍቀድላት ወይስ ልከልክላት?»

ውድ ጠያቂያችን፣

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ቲክቶክን አሁን አይፍቀዱላት። ቴሌግራምን ግን ከታች እንደማስረዳው ካስተካከሉት በኋላ ትጠቀምበት። ስልኩ ማታ እሷ ክፍል አይደር። እርስዎም ባለቤትዎም የያዛችሁት ከፊል እውነት አለ። ያላስማማችሁ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ውሳኔ ለመቋጨት መሞከራችሁ ነው።

ቴሌግራም ወይም ዋትስአፕ ላይ ልጅቷ በአብዛኛው የምታገኘው የምታውቀው ሰው የላከላትን ነው። ታነበዋለች፣ ትመልሳለች፣ ያልቃል። ቲክቶክ፣ የኢንስታግራም ሪልስ እና የዩቲዩብ ሾርትስ የሚሠሩት በሌላ መንገድ ነው። ማንንም ባትከተል፣ አንድም ላይክ ባታደርግ እንኳ በየቪዲዮው ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየች፣ የቱን ደግማ እንዳየች፣ የቱን ቶሎ እንዳለፈች እየተመዘገበ ቀጣዩ ይመረጥላታል። ወድዳ የቆየችበትና ደንግጣ የቆየችበት ቪዲዮ ለመተግበሪያው ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ ሁለቱም «ይህን ጨምርላት» ብሎ ይረዳቸዋል። ስለ ክብደት መቀነስ በሚያወራ ቪዲዮ ላይ ዛሬ ደጋግማ ከቆየች ነገ ተመሳሳዩ ይበዛላታል። ማለቂያ ስለሌለውም «እዚህ ጋ ላቁም» የምትልበት ቦታ አታገኝም። ይህን መግታት አዋቂውንም የሚያቅተው ነገር ስለሆነ ከ12 ዓመት ልጅ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም።

ከዘመድ ጋር በቪዲዮ መደዋወል ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። አክስቷ ከዱባይ ስትደውል በኢሞም ሆነ በዋትስአፕ ታውራ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት እንኳ ስክሪን አይመከርም ሲል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል። እናት ወይም አባት ውጭ አገር ባሉባቸው ቤቶች «ስልክ ክልክል ነው» ሲባል መጀመሪያ የሚቋረጠው ይህ ጥሪ እየሆነ ልጆች በከንቱ ይጎዳሉ።

አሁን ወደ ዕድሜው። መተግበሪያዎቹ ሁሉ «ከ13 ዓመት በላይ» ስለሚሉ ብዙ ወላጅ 13 ዓመት በሐኪሞች ተጠንቶ የተወሰነ ገደብ ይመስለዋል። አይደለም። ቁጥሩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ከወጣ የልጆች የኢንተርኔት ግላዊነት ሕግ ነው። ሕጉ ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ መረጃ መሰብሰብን ይከለክላል፤ ኩባንያዎቹም ፈቃድ ከመጠየቅ «ከ13 በታች አንቀበልም» ማለትን መረጡ። ስለዚህ ልጅዎ 13 የሞላት ዕለት በአእምሮዋ ውስጥ የሚከፈት በር የለም።

ስለ ጉዳቱ ምርምሩ ምን ይላል? ሳይጋነን እንዲህ ነው። የሁሉንም ልጆች አማካይ ስንወስድ በማኅበራዊ ሚዲያና በደኅንነት ስሜት መካከል የሚገኘው ግንኙነት ትንሽ ነው፤ «ስልክ ልጆችን ሁሉ አሳበደ» የሚለው ወሬ በዚህ አይደገፍም። አማካዩ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። ተመራማሪዋ ኤሚ ኦርበንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጡት የእንግሊዝ ጥናት ከ10 እስከ 21 ዓመት ያሉ ከ17,000 በላይ ልጆችንና ወጣቶችን መረጃ ተከታትሎ ነበር። በሴቶች ከ11 እስከ 13፣ በወንዶች ከ14 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ አጠቃቀማቸው የጨመረ ልጆች ከዓመት በኋላ በሕይወታቸው የሚሰማቸው እርካታ ቀንሶ ተገኝቷል። በ19 ዓመት አካባቢም በሁለቱም ፆታ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን በእርግጠኝነት አያሳይም። ሆኖም የእርስዎ ልጅ ያለችው በትክክል በዚያ የዕድሜ መስኮት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ይፋ ያደረገችው የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው የፌስቡክ የውስጥ ሰነድም አለ። በራሱ በኩባንያው ጥናት፣ ስለ ሰውነታቸው መጥፎ ስሜት ከነበራቸው በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴት ልጆች 32 በመቶው ኢንስታግራም ስሜታቸውን እንዳባሰባቸው ተናግረዋል። «ሁለት ዓመት ብትቆይ ምን ትከስራለች? ዛሬ ብትገባስ?» ብለን ስንመዝን ለ12 ዓመት ልጅ ሚዛኑ ወደ መቆየቱ ያደላል።

አባቷ ያሉት 18 ግን ሩቅ ነው። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ እሱም 16 ላይ ነው ያቆመው። ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቲክቶክ፣ በኢንስታግራም፣ በፌስቡክ፣ በስናፕቻትና በዩቲዩብ አካውንት እንዳይኖራቸው ይከለክላል። ቅጣቱ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ሲሆን የሚያርፈው ኩባንያዎቹ ላይ ነው፤ ልጅም ወላጅም አይቀጡም። ዋትስአፕና ዩቲዩብ ኪድስ በእገዳው አልተካተቱም። ልብ ይበሉ፤ እዚያም መልእክት መላላኪያውንና ማለቂያ የሌለውን ቪዲዮ ለያይተው ነው ያዩት። እስከ 18 ሙሉ በሙሉ የተከለከለች ልጅ ደግሞ በጓደኛ ስልክ ትከፍተዋለች፤ ያኔ ችግር ሲገጥማት የምትነግረው ሰው አይኖራትም።

ስለ ልደት ቀን አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፤ እኛ አገር የሚያጋጥም ጣጣ ነው። መተግበሪያው የሚጠይቀው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2006 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ የምታውቀውን «2006» ብላ ብትሞላ፣ ምንም ሳትዋሽ፣ መተግበሪያው ሰባት ስምንት ዓመት ጨምሮላት አዋቂ አድርጎ ይመዘግባታል። ውጤቱ ቀላል አይደለም። ቲክቶክ ከ13 እስከ 15 ዓመት ላሉት አካውንቱን ሲከፈት ጀምሮ ዝግ ያደርገዋል፣ ከ16 በታች ለሆነ የግል መልእክት አይፈቅድም፣ ላይቭ መግባትን ከ18 በታች ይከለክላል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላም ለ13–15 ማሳወቂያ አይልክም። አዋቂ ተብላ ከተመዘገበች እነዚህ ጥበቃዎች አንዳቸውም አይሠሩላትም፤ የማታውቀው ሰው በቀጥታ ሊጽፍላት ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም አካውንት ስትከፍቱ የልደት ቀኗን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቀይራችሁ ሙሉ። በ2006 ዓ.ም. ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ከተወለደች 2013፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ 2014 ነው።

ወደ ስልኩ እንሂድ። ከውጭ የተላከ ስልክ ብዙ ጊዜ የላኪው የጉግል አካውንት ገብቶበት ይመጣል። ያንን አካውንት መጀመሪያ ከሴቲንግ ውስጥ አስወጡት፤ ከዚያ ነው ስልኩ ፋክተሪ ሪሴት የሚደረገው (ያለው ሁሉ ጠፍቶ እንደ አዲስ የሚጀመረው)። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ስልኩ ሲበራ የአክስቷን አካውንትና ፓስወርድ እየጠየቀ ሊቆለፍ ይችላል። ከዚያ በእርስዎ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክ የተባለውን የጉግል መተግበሪያ ጭነው ለልጅዎ የራሷን የልጅ አካውንት ይክፈቱ፤ በእሷ ስልክ ላይ የሚገባው እሱ ብቻ ይሁን። አይፎን ከሆነ ተመሳሳዩ ሥራ በአፕል ፋሚሊ ሼሪንግና በስክሪን ታይም ይሠራል።

በፋሚሊ ሊንክ ውስጥ አራት ነገር ያስተካክሉ። አንደኛ፣ ከፕሌይ ስቶር የሚወርድ ሁሉ በእርስዎ ፈቃድ ይሁን። ሁለተኛ፣ ካልታወቀ ምንጭ መተግበሪያ መጫን የሚፈቅደውን ዝግ ያድርጉት። ወላጆች የሚረሱት ይህንን ነው። ልጆች ቲክቶክን ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ሲያቅታቸው ጓደኛቸው በዜንደር ወይም በቴሌግራም ፋይሉን ይልክላቸዋል፤ ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ፈቃድ ይጫናል። ሦስተኛ፣ በክሮም የሚታገዱ ድረ ገጾች ዝርዝር ውስጥ ቲክቶክን ይጨምሩ፤ መተግበሪያው ባይኖርም ቪዲዮው በክሮም ይታያልና። አራተኛ፣ የዕለት ሰዓት ገደብና የመኝታ ሰዓት ይሙሉ። ለስድስተኛ ክፍል ልጅ በትምህርት ቀን ከቤት ሥራ ውጭ አንድ ሰዓት ብዬ ብጀምር ደስ ይለኛል፤ ቅዳሜና እሑድ ትንሽ ሊላላ ይችላል።

ቪፒኤንን ሳላነሳ አላልፍም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብና ቴሌግራም በአገራችን በተገደቡ ጊዜ ብዙ ቤት ቪፒኤን ጭኖ እስከ ዛሬ አላጠፋውም። ልጅዎ ስልክ ላይ ቪፒኤን ካለ በቤት ዋይፋይ ላይ የምታደርጉት ማጣሪያ ሁሉ ዋጋ የለውም፤ ማጣሪያው የሚያየው የቪፒኤኑን መስመር እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን አይደለም። ነፃ ቪፒኤኖች ብዙዎቹ ራሳቸው ለልጅ የማይሆን ማስታወቂያ ያሳያሉ። ከእሷ ስልክ ያውጡት። ከዚያ በኋላ የቤት ዋይፋይ ካላችሁ በራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 1.1.1.3 እና 1.0.0.3 ብለው ይሙሉ። የክላውድፍሌር የነፃ አገልግሎት ነው፤ የወሲብ ድረ ገጾችንና ቫይረስ የሚያሰራጩትን ያግዳል። በሞባይል ዳታ ስትጠቀም ግን አይሠራም፤ በቴሌግራም ውስጥ የሚላክንም አያይም።

ቴሌግራም ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ «ለትምህርት ነው» ብሎ የሚፈቅደውና ሳያስተካክል የሚተወው እሱን ነው። ቴሌግራም ወላጅ ከራሱ ስልክ ሆኖ የልጁን የሚቆጣጠርበት ነገር የለውም። በአማርኛ የሚሠሩ ለአዋቂ ብቻ የሆኑ ቻናሎች ደግሞ በፍለጋ በቀላሉ ይገኛሉ። ስለዚህ ሥራው በሙሉ በእሷ ስልክ ላይ፣ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ የሚሠራ ነው። አካውንቱ በእርስዎ ስም በወጣ ሲም ይከፈት። ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ የሚለውን ክፈቱ። ፎን ነምበር የሚለውን «ኖባዲ» አድርጉት። ያን ጊዜ ከሥሩ በቁጥሬ ማን ሊያገኘኝ ይችላል የሚል ሁለተኛ ምርጫ ይመጣል፤ እሱን «ማይ ኮንታክትስ» በሉት። ይህ ሁለተኛው ካልተቀየረ ቁጥሯን የመዘገበ ማንም ሰው ያገኛታል። የፕሮፋይል ፎቶ፣ ጥሪ፣ ላስት ሲን እና ወደ ግሩፕ ማን ያስገባኝ የሚሉትንም እያንዳንዳቸውን «ማይ ኮንታክትስ» አድርጉ። በተለይ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። ሳትጠየቅ በሺህ ሰው ግሩፕ ውስጥ የምትገኘው እሱ ክፍት ሲሆን ነው። ዩዘርኔም አታውጡላት፤ ዩዘርኔም ካላት ቁጥሯን መደበቁ ትርጉም ያጣል፣ በስሟ ፈልጎ የሚያገኛት ሁሉ ይጽፍላታል።

ቀጥሎ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን ከፍታችሁ ፓስወርድ አውጡ፤ የፓስወርድ ማስመለሻ ኢሜይሉ የእርስዎ ይሁን። ይህ ልጅቷን ለመሰለል አይደለም። የልጆች አካውንት በብዛት የሚሰረቀው አንድ «ጓደኛ» መስሎ «ኮድ ይደርስሻል፣ ላኪልኝ» ሲላቸው ነው። የሚደርሳት ባለ 5 አሃዝ የመግቢያ ኮድ ብቻውን እንዳይበቃ ፓስወርዱ ሁለተኛ በር ይሆናል። ዲቫይስስ የሚለውን በወር አንዴ እዩት፤ የማታውቁት ስልክ ወይም ኮምፒውተር ገብቶ ከተገኘ ከዚያው አስወጡት። በመጨረሻም ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። የአደጋና የጦርነት ምስሎች ልጅ ዓይን ላይ ሳትፈልጋቸው የሚያርፉት በዚህ በኩል ነው፤ የዳታ ጥቅሉም ይተርፋል።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አንድ ቀዳዳ ይቀራል፦ የክፍሉ ግሩፕ። በግሩፕ ውስጥ አባላት እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ቁጥሯ ቢደበቅም ስሟን ነክቶ በግል መጻፍ ይቻላል። አባላትን የመደበቅ ምርጫ ያለው ከ100 አባል በላይ ላላቸው ግሩፖች ነው፤ የ50 ተማሪ ክፍል አያገኘውም። መፍትሔው መምህሯን በአክብሮት ማነጋገርና በግሩፑ ፋንታ ቻናል እንዲከፍቱ መጠየቅ ነው። በቻናል ላይ የሚለጥፉት መምህሩ ብቻ ናቸው፤ ተከታዮች ማን ማን እንደሆነ አይተያዩም። ለቤት ሥራ ይህ በቂ ነው። አንድ ወላጅ ብቻውን ሲጠይቅ ሊታለፍ ስለሚችል ሦስት አራት ወላጆች ሆናችሁ ብትጠይቁ ይሻላል። በዚያውም ስለ ቲክቶክ ተነጋገሩ። «ሁሉም አላቸው» የሚለው የልጆች አቤቱታ ክብደት የሚኖረው ሁሉም ሲኖራቸው ነው፤ አምስት የቅርብ ጓደኛሞች ወላጆቻቸው ተስማምተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ካቆዩአቸው ልጅዎ ብቻዋን የቀረች አትሆንም። እርስዎን ያሳዘነዎትን መነጠል ከማንም ሴቲንግ በላይ የሚያቃልለው ይህ ነው።

ለልጅዎ ስልክ ባይሰጧትና የእርስዎን ብታጋሯትስ? ብዙዎች ይህን የተሻለ አማራጭ አድርገው ያዩታል። እውነቱን ለመናገር ከተስተካከለ የልጅ ስልክ የባሰ ነው። የእርስዎ ቲክቶክ እርስዎን አዋቂ ብሎ ያውቃል፣ ቴሌግራምዎ የገቡባቸው ቻናሎች ሁሉ ክፍት ናቸው፣ ቴሌብርም እዚያው ነው። ግድ ካልሆነ አያጋሯት። ግድ ከሆነ በአንድሮይድ ሴኩሪቲ ሴቲንግ ውስጥ አፕ ፒኒንግ የሚባለውን አብርተው የምትፈልገውን አንድ መተግበሪያ ብቻ ቆልፈው ይስጧት። ከመውጣቱ በፊት ፒን የሚጠይቀውን ምርጫም ካበሩት ያለ እርስዎ ፒን ከዚያ መውጣት አትችልም።

እንቅልፍ። ከሁሉም ደንብ አንድ ብቻ ምረጡ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ከ13 እስከ 18 ከ8 እስከ 10። ልጅዎ ለትምህርት ንጋት 12 ሰዓት የምትነሣ ከሆነ ለዝቅተኛው 9 ሰዓት እንኳ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ መውሰድ አለባት። ስለዚህ ስልኩ 2 ሰዓት ላይ ሳሎን ወይም የእናንተ ክፍል ቻርጅ ይሰካ። «ለማንቂያ ደውል ነው የምፈልገው» ብትል የጠረጴዛ ሰዓት ይግዙላት። ይህ ደንብ የሚፈርሰው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ወላጆች የራሳቸውን ስልክ ይዘው አልጋ ላይ ሲወጡ። የእናንተም እዚያው ይሰካ።

አሁን የመጣሁት ከሁሉም አጥብቄ ልነግርዎ ወደምፈልገው ነገር ነው። ለልጅዎ ዛሬውኑ፣ አባቷም ባሉበት፣ ይህን ቃል ይግቡላት፦ «ስልኩ ላይ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳፍር ነገር ቢያጋጥምሽና ብትነግሪኝ ስልኩን አልቀማሽም፣ አልመታሽም፣ አልቆጣሽም።» ልጆች ላይ የሚፈጸም ማስፈራራት የሚሠራው በዚህ ቃል አለመኖር ላይ ቆሞ ነው። አንድ ሰው የእኩያዋን ልጅ ፎቶ ለጥፎ ይቀርባታል፣ ለሳምንታት በትሕትና ያወራታል፣ ከዚያ ፎቶ ይጠይቃል። ፎቶውን ካገኘ በኋላ «ብር ላኪ» ወይም «ሌላ ፎቶ ላኪ፣ አለዚያ ለእናትሽ እልከዋለሁ» ይላል። አንዳንዴ እውነተኛ ፎቶም አያስፈልገውም፤ ከፕሮፋይሏ ፊቷን ወስዶ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የራቁት ምስል ይሠራል። ወንዶች ልጆችም በዚህ መንገድ ገንዘብ ይጠየቃሉና «ወንድ ስለሆነ አያሰጋም» አይባልም። ልጅቷ ከአስፈራሪው ይልቅ የእናንተን ቁጣ የምትፈራ ከሆነ የጠየቃትን ሁሉ ታደርጋለች።

ይህ ከደረሰ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ገንዘብም ሆነ ተጨማሪ ፎቶ አይላክም፤ አንዴ የከፈለ ሰው እንደገና ይጠየቃል። ንግግሩ አይጠፋም። መጀመሪያ የአስፈራሪው ስም፣ ዩዘርኔሙ፣ ቁጥሩ ካለ ቁጥሩ፣ መልእክቶቹ ከነቀናቸው ስክሪንሾት ይነሡ። ቴሌግራም ላይ ሌላው ወገን ንግግሩን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ስለሚችል ይህ በደቂቃዎች ውስጥ መሠራት አለበት። የራሷ የራቁት ፎቶ የሚታይበትን ክፍል ግን ስክሪንሾት አታንሡ፣ ለማንም አትላኩ፤ ለዘመድም ለማስረጃም ቢሆን። ቀጥሎ ከዚያው መተግበሪያ ውስጥ ሪፖርት ይደረጋል፣ ከዚያ ብሎክ። ከዚያ በአቅራቢያ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳዮችን የሚይዘውን ክፍል ጠይቁ። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የልጆችን የወሲብ ምስል ማዘጋጀት፣ ማሰራጨትና መያዝ ወንጀል ነው። ፎቶው ተሰራጭቷል ወይም ይሰራጫል ብላችሁ ከሰጋችሁ «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ የነፃ አገልግሎት አለ፤ የአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ልጆች ብሔራዊ ማዕከል ነው የሚያካሂደው። ፎቶው ከስልካችሁ አይወጣም፤ ከፎቶው የዲጂታል አሻራ ብቻ ተወስዶ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክን ጨምሮ የተባበሩ መድረኮች ሲለጠፍ እንዲያውቁትና እንዲያነሱት ይደረጋል። ስም አይጠየቅም።

13 ስትሞላስ? ቢቻል 15 ወይም 16 ድረስ ይቆይ። ካልሆነ ግን በድብቅ ከምትከፍት ከእናንተ ጋር ትክፈት፤ ትክክለኛ የልደት ቀኗን ይዛ። በቲክቶክ ውስጥ ፋሚሊ ፔሪንግ የሚባል አለ፤ የእርስዎንም አካውንት ከፍተው ከሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ ውስጥ ይገቡበታል፣ በእርስዎ ስልክ የሚወጣውን ኪውአር ኮድ በእሷ ስልክ ታነባለች። ከዚያ የሰዓት ገደቡን፣ ኮሜንቱን፣ ፍለጋውን ከእርስዎ ስልክ ይወስናሉ። ለታዳጊዎች በነባሪነት የሚመጣው የ60 ደቂቃ ገደብ ብቻውን አይበቃም፤ ኮዱን ራሷ ሞልታ ልታልፈው ትችላለች። በፋሚሊ ፔሪንግ ሲሞላ ኮዱ የእርስዎ ይሆናል። ግንኙነቱን ልትቆርጠው ትችላለች፤ ከቆረጠች ግን ማሳወቂያ ይደርስዎታል። ኢንስታግራም ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ18 በታች ያሉትን በቲን አካውንት ውስጥ ያስገባል፦ አካውንቱ ዝግ ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 1 ሰዓት ማሳወቂያ አይደርስም፣ ከ16 በታች ያሉ ደግሞ ገደቡን ለማላላት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል።

የሁለቱም ማጣሪያ በእንግሊዝኛ ጠንካራ፣ በአማርኛ ደካማ ነው። ስለዚህ በቲክቶክ ፊልተር ኪዎርድስ ውስጥ የማትፈልጓቸውን ቃላት ራሳችሁ መሙላት አለባችሁ። አንድ ቃል አንዴ መጻፍ አይበቃም፤ ማሽኑ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ሊያይ ስለሚችል በሚጻፍባቸው ሁሉ ሙሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጻፈውን አማርኛም አትርሱ፤ ልጆች የሚጽፉት በብዛት እንደዚያ ነው። ፊዱ (መተግበሪያው እየመረጠ የሚያመጣላት የቪዲዮ ተራ) ከተበላሸ በኮንቴንት ፕሪፈረንስ ውስጥ ሪፍሬሽ የሚለው ከአዲስ ያስጀምረዋል። ላይቭና የስጦታ ኮይን ግን 18 እስኪሞላት በእርስዎም አካውንት ቢሆን አይፈቀድላት። ላይቭ ላይ የሚነገረው ከመነገሩ በፊት ማንም አያጣራውም፤ ስጦታ ደግሞ የማያውቁት ሰው ልጅን በገንዘብ የሚቀርብበት ቀላል መንገድ ነው።

ምናልባት ደግሞ ልጅዎ እርስዎ ሳያውቁ ቀድማ ከፍታ ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው። ካገኙት በቁጣ ፊት ለፊቷ አያጥፉት፤ ሁለተኛውን እርስዎ በማያገኙበት ስም ትከፍታለች። መጀመሪያ አብረው ይመልከቱት፦ የለጠፈቻቸው ቪዲዮዎች፣ የትምህርት ቤቷ ዩኒፎርም ወይም ሰፈራችሁ የሚታይባቸው ካሉ፣ በኢንቦክስ የጻፉላት የማታውቃቸው ሰዎች። የሚያሳስብ መልእክት ካለ ከላይ እንዳልኩት ስክሪንሾት ይነሣ። የምትወዳቸውን የራሷን ቪዲዮዎች ወደ ስልኩ ታውርድ። ከዚያ ራሷ በእጇ ከሴቲንግስ ኤንድ ፕራይቬሲ፣ አካውንት፣ ዲአክቲቬት ኦር ዲሊት በሚለው ገብታ ዲሊት ትበለው። ለ30 ቀናት ተዘግቶ ይቆያል፤ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ተመልሳ ከገባችበት ስረዛው ይቀራልና መተግበሪያውን በዚያው ዕለት ከስልኩ አውጡት፣ ፓስወርዱንም አስቀድመው እርስዎ ይቀይሩት።